ቤቱ በረደው፣ ማሞቂያው ሞቀው

ዲሴምበር 12
ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ለጾሙ ፒሮሂ ስንሠራ ዋልን። ሊጡን መዳመጥ፣ ድንች መሙላት፣ ጠርዙን መቆንጠጥ። የኔ አንዷም አትፈታም። የአና ግን የፈላ ውኃ ሲነካት አፏን ትከፍታለች... አልነገርኳትም። እኔም ደግ የምሆንበት ቀን አለ።

ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። ቤት ስገባ ማሞቂያው ጠፍቶ ጠበቀኝ። ምድር ቤት ወረድኩ። እያየሁት ራሱ ተነሣ፣ ነደደ፣ ጥቂት ሙቀት ወደ ላይ ላከ፣ ከዚያ እሳቱ ድርግም። ማራገቢያው ብቻ ቀረ፣ ብርድ እየነፋብኝ። ምን ነካው?

ዲሴምበር 13
ያው ነው። ይነዳል፣ ይጠፋል። አንዲት ቀይ መብራት ትጠቅሰኛለች። በዚህ ዕድሜዬ የሚጠቅሰኝ አገኘሁ። ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን በመነጽር አነበብኩ፤ አራት ጊዜ ከጠቀሰች "ከመጠን በላይ ሞቋል" ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው። እኔ በሁለት ሹራብ እንቀጠቀጣለሁ፣ እሱ ሞቀኝ ይላል።

ዲሴምበር 14
ልጄ ኦሪስያ ከዊኒፔግ ደወለች።
"ማማ፣ ድምፅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?"
"እየዘመርኩ ነው።"
"ቤቱ በርዷል አይደል?"
ሳልወድ ነገርኳት። ለገና ዋዜማ ከቤተሰቧ ጋር ይመጣሉ። ማሞቂያው እስከዚያ ካልተስተካከለ ይዛኝ ልትሄድ ነው። ክፍል አዘጋጅታልኛለች፣ መጋረጃ ሳይቀር። ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው አልኳት። "በዚህ ብርድማ ቅርብ ነው" አለችኝ። አፏ የአባቷ ነው።

ፈራሁ ግን። ኦሪስያ ያለችውን ታደርጋለች።

ዲሴምበር 16
ሜትሮ መጣ። ጎረቤቴ፣ የኦሪስያ የክርስትና አባት፣ የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው፣ እሱ እንደሚለው ከሆነ። የማሞቂያውን አየር ማጣሪያ መዘዘው። አቧራ ጠግቦ ብርድ ልብስ አክሏል።
"አበልጄ፣ ይሄ መቼ ነው የተቀየረው?"
"ዋሲል ነበር የሚቀይረው።"
ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው... ሜትሮ ከተማ ሄዶ አዲስ ገዛልኝ፣ ከሱቁ ወፍራሙን መርጦ። "ይሄ እንኳን አቧራ ኃጢአት አያሳልፍም" አለ።

ዲሴምበር 17
ኃጢአት አያሳልፍም፣ አየርም አያሳልፍም። ባሰበት። ለሜትሮ ደወልኩ።
"ወፍራም ይሻላል ብዬ እኮ ነው።"
"ሚስት ስትመርጥም እንዲሁ ነበር ያልከው።"
ሳቀ። ነፍሷን ይማርና፣ ብትሰማን ሁለታችንንም በመጥበሻ ነበር የምትለን። ቀጭኑን አመጣልኝ። ትንሽ ተሻለው፣ ግን አሁንም ይጠፋል።

ዲሴምበር 21
የጥገና ሰው መጣ። ወጣት ነው፣ ጢሙ በረዶ ይዟል። ጋዙን ለካ፣ ነበልባሉን አየ፣ ማራገቢያውን ጠረገ።
"ማሞቂያዎ ጤነኛ ነው" አለኝ። "ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው። እዚሁ ሲታፈን ይግላል፣ ሲግል መከላከያው እሳቱን ያጠፋዋል። ፎቅ ያሉት የአየር መውጫዎች ክፍት ናቸው?"
"ክፍት ናቸው።"
"ወጥቼ ልያቸው?"
"ምን ያደርግልሃል? ክፍት ናቸው አልኩህ እኮ።"
ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት።

ለምን ዋሸሁ? ፎቅ ያሉት ሦስቱም ክፍሎች ዝግ ናቸው። ከዋሲል ቀብር ማግስት ራሴ ነኝ የዘጋሁት። ወለሉ ላይ ያሉትን የአየር መውጫዎች ሁሉ ዘግቼ፣ በላያቸው ምንጣፍ አንጥፌ። ሰው የሌለበትን ክፍል ማሞቅ ኃጢአት ነው ትል ነበር እናቴ፤ የዚህ አገር አሮጊት ሁሉ የሚለው ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሳሎኑን ጨመርኩበት። እኔ የምተኛው ወጥ ቤት፣ ሶፋ ላይ። ይበቃኛል።

እናቴን ምን አመጣት አሁን? ሰው ያንን ደረጃ ሲወጣ ማየት አልፈለግኩም። ያ ነው እውነቱ።

ዲሴምበር 27
ብርድ። ብርጭቆ ውስጥ የማሳድረው ጥርሴ በረዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። አላደርገውም።

ጃንዋሪ 2
ፎቅ ወጣሁ። የኦሪስያ ክፍል አላስቸገረኝም። የእንግዳውም። የኛ ግን... እጀታውን ይዤ ቆየሁ። "ዋሲል፣ ልገባ ነው" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሞኝ።

ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ነው፣ እንደተውኩት። አለቀስኩ። ደህና አድርጌ፣ እስኪወጣልኝ። ከዚያ ምንጣፉን ጠቀለልኩ፣ ተንበርክኬ መውጫውን ከፈትኩ። ጣጣው መነሣቱ ላይ ነበር። አልጋውን ተደግፌ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ ስነሣ፣ ከሥር ሙቅ አየር መጥቶ ቀሚሴን ገለበው። ሳቄ መጣ። ዋሲል ቢያይ ምን ይል ነበር? ታውቆኛል። አይጻፍም።

ሳሎኑንም ከፈትኩ። ማሞቂያው ቤቱ እስኪሞቅ አንዴም ሳያቋርጥ ነደደ። ቀይዋም መጥቀስ ተወች።

ጃንዋሪ 6
መጡ። አሥራ ሁለቱም የዋዜማ ምግብ ደረሰ፤ የቀይ ሥር ሾርባው ቦርሽ፣ ዓሣው፣ ፒሮሂው፣ ስንዴው በማር። ለሞቱት የሚቀመጠውን ሳህን ለዋሲል አስቀመጥኩ። ሜትሮ እጅጌውን ሰብስቦ "አበልጄ፣ እኛንም ልታበስይን ነው?" አለኝ። ኦሪስያ መስኮት ከፈተች። በገና ዋዜማ፣ በዚህ ብርድ፣ መስኮት። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ሳህን ስናጥብ እሷና እኔ ብቻ ሆንን።
"ፎቅ ወጥቼ ነበር። ክፍላችሁን ከፍተሽዋል።"
"ማሞቂያው ነው ያስከፈተኝ።"
"ማማ፣ ልወስድሽ ያልኩት ለማሞቂያው መሰለሽ?"
"ታዲያ ለምንድን ነው?"
"ባለፈው ስመጣ በገዛ ቤትሽ ሶፋ ላይ ኩርምት ብለሽ ተኝተሽ አየሁሽ። ዊኒፔግ እስክገባ መኪና ውስጥ ሳለቅስ ነው የሄድኩት።"
ሳህኑን ደጋግሜ አጠብኩት።
"አሁንስ?" አልኳት።
"አሁንማ እዚሁ ሁኚ።" በአረፋ እጇ አቀፈችኝ። ጀርባዬ ረጠበ፣ ይርጠብ።

ጃንዋሪ 9
ሄዱ። እኔ ቀረሁ።

ሜትሮ ደወለ። አዲሷ የትምህርት ቤት መምህርት በየቀኑ በበረዶ ከሩቅ ትመላለሳለች፣ ክፍል ትፈልጋለች። ቤቴን ሆቴል አደረግከው እንዴ ልለው ነበር። ከዚያ አሰብኩ። ማሞቂያው ሁሉንም ክፈቺ ይላል። እናቴ ባዶ ክፍል አታሙቂ ትላለች። ሰው ካላስገባሁ በምን ላስታርቃቸው? ትምጣ አልኩት።

ከሰዓት መጣች። ኬልሲ ትባላለች፣ ሳቂታ ናት። ፎቅ ይዣት ወጣሁ። የኦሪስያን ክፍል አየች፣ የእንግዳውን አየች፣ ከዚያ ሦስተኛው በር ጋ ቆመች።
"ይሄስ?"
"እሱ ተይዟል" አልኳት። "የኔ ነው።"