ከአባባ መኝታ ጀርባ ያለው ግንብ

ጥር 3

ዛሬ እርሳስ ዋጠ። አምና ወረቀት ብቻ ነበር የሚያስገባው የግንቡ ስንጥቅ።

ግቢያችን ቁልቁለት ላይ ነው። ላይ የውጭው በርና መኪና ማቆሚያው፣ ታች ቤቱ። መሀል ላይ አፈሩን ደግፎ የቆመው ግንብ… ከግንቡ ሥር ደግሞ የአባባ ክፍል። ግንቡ ድካም ተሰምቶት ጋደም ልበል ቢል የሚጋደመው አባባ አልጋ ላይ ነው።

አባባን ጠርቼ አሳየሁት።

«አልጎበጠም» አለ።

ግንቡና እሱ ጎን ለጎን ቆመው፣ እኩል ጎብጠው። ምን ይባላል? ግንበኛ እያለ የዛሬ ሠላሳ ዓመት በእጁ የሠራው ነው። አባባ የሠራው ነገር አይጎብጥም። ዓለም ናት የምትጣመመው።

ሃያ ዓመት የጥርስ ነርስ ሆኜ የሚነቃነቅ ነገር ሳይ አላውቅም?

ጥር 5

ሳሎን ተኛ ብዬ ለመንኩት።

«ሠላሳ ዓመት የቆመ ግንብ እኔን ለመግደል ምን አስቸኮለው?»

ትራሱን አንስቼ ሳሎን ወሰድኩ። ከሥራ ስመለስ ትራሱ ቦታው ተመልሷል። ራሱም ላዩ ላይ ነበር፣ ያንኮራፋል።

ጥር 9

ኮንትራክተር መጣ። ክሊኒክ የምትታከም ሴት ናት የጠቆመችኝ፣ አፏ በጥጥ ተሞልቶ እያለ። አሁን ሳስበው «ጥሩ ነው» ነው ወይስ «ተጠንቀቂ» ነው ያለችው?

ነጭ ጫማ አድርጎ ነው ግንብ ሊያይ የመጣው። «እናቴ» ይለኛል። ራሰ በራ ሰውዬ፣ ምናልባት በሁለት ዓመት ይበልጠኝ ይሆናል።

ግንቡን ከሩቅ አየው፣ እንደ ፎቶ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የሌላ ሰው ግንብ ያሳየኝ ጀመር። የሌላ ሰው በረንዳ፣ የሌላ ሰው የመኪና መግቢያ፣ በድንጋይ ቅርጽ የተቀባ።

«ያንቺንም እንዲህ እናደርገዋለን። ችግር የለም።»

ስንት ጊዜ እንዳለው ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። ስሙ ከዛሬ ጀምሮ ችግር የለም ነው።

አባባ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው። «ውሃው በየት ይወጣል?»

«ችግር የለም አባባ።»

አሥራ ሁለት።

አባባ ገብቶ በሩን ዘጋ። ማታ ምን ሆነህ ነው ስለው፣ «ይሄ ሰውዬ ግንብ አይሠራም፤ ግንብ ይኩላል» አለ።

ጥር 10

ቀጠርኩት።

ለምን? አንደኛ፣ ሰኞ እጀምራለሁ ስላለ። ሁለተኛ… ሁለተኛውን ለራሴ እንኳን መጻፍ ያሳፍራል። አባባ አትቅጠሪው ስላለ።

ሃምሳ ልሞላ ምንም አልቀረኝም።

ጥር 14



ከምሳ በኋላ ችግር የለም አራት ሠራተኞች ይዞ መጣ። የግንቡን እግር ከዳር እስከ ዳር ባንዴ ማስቆፈር ጀመረ፣ አዲስ መሠረት ልናስገባ ነው ብሎ። እኔ ፈቃድ ወስጄ ከክሊኒክ ቀርቼ ነበር። ሻይ አፍልቼ አቀረብኩ፣ ራሴን እንደ ትልቅ አሠሪ ቆጥሬ።

አባባ የከሰዓት እንቅልፉ ላይ ነበር። የዶማው ድምፅ ቀሰቀሰው። በካልሲው ወጣ።

«ባንዴ አይቆፈርም! በቁራጭ በቁራጭ ነው! እግሩን ሁሉ ነሥታችሁት በምን ይቁም?»

«አባባ፣ ይግቡ ይረፉ፣ ችግር የለም።»

አልገባም። አባባ ከተናገረ ንግግሩን ሳይጨርስ አይገባም፤ ንግግሩ ደግሞ አያልቅም። ስለ አፈር ተናገረ፣ ስለ ዘንድሮ ባለሙያ ተናገረ፣ ስለ ሰውዬው ጫማ ተናገረ። እኔ በሐፍረት አንገቴን ደፍቼ የሻይ ብርጭቆ እሰበስባለሁ።

ያኔ ነው ግንቡ የጮኸው። እንደ ትልቅ እንጨት ስብራት። ሠራተኞቹ ዶማቸውን ጥለው ሮጡ። የግራው ጫፍ ወረደ። አንድ ድንጋይ፣ የጋዝ ሲሊንደር የሚያክል፣ በመስኮቱ ገብቶ…

ትራሱ ላይ ነው ያገኘነው።

ትራሱ ላይ።

ሰው የሚድነው በጸሎት ነው፣ በመድኃኒት ነው ይባላል። አባቴ የዳነው በንትርክ ነው።

ችግር የለም አቧራውን እያራገፈ፣ «ችግር…» አለና ቀረ። ዕቃ ላምጣ ብሎ ሄደ።

ጥር 15

ስልኩ ዝግ ነው።

አባባ ሳሎን ነው። አፈሩን በሸራ ሸፍነን በግንድ ደግፈነዋል። የቀረው የግንቡ ክፍል አሁን ሆዱን ገፍቶ እንደ ነፍሰ ጡር ቆሟል።

መጥፎ ነገር ተናገርኩ ዛሬ። «ባንዴ አይቆፈርም ብዬ ነበር» ሲለኝ፣ ለስድስተኛ ጊዜ፣ ደሜ ፈላና «አንተ የሠራኸው ግንብ አይደል ሊገድልህ የነበረው?» አልኩት።

ይመልስልኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ሻዩን በማንኪያ አማሰለ። ስኳር እንኳን አልጨመረም።

ጥር 18

አሁን ብልጥ ሆኛለሁ። ጅብ ከሄደ በኋላ የምትጮኸዋ ውሻ እኔ ነኝ።

ቁልቁለት ላይ ያለውን ሰፈር በሙሉ በእግሬ ዞርኩ። ቀጥ ያለ አሮጌ ግንብ ባየሁበት በር ሁሉ አንኳኳሁ። «ይቅርታ፣ ግንባችሁን ማን ሠራው?» አንዱ ሰውዬ ከመንግሥት የመጣሁ መስሎት ግንብ የለኝም አለ፣ ተደግፎት ቆሞ።

ሦስት ቤት ግን ያንኑ መልስ ሰጡኝ። «ሴትየዋ ናት።» ሦስቱም ግንቦች ስንት ክረምት አሳልፈዋል።

ጥር 19

ሴትየዋ መጣች። የምትነዳው ፒክአፕ በሩ በገመድ ታስሯል። ጉልበቷ ድረስ ቦቲ አድርጋለች። አጭር፣ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ባለቦቲዋ ብያታለሁ።

ውሃ ስጪኝ አለች። በብርጭቆ አመጣሁ። ሳቀችብኝ። በባልዲ ነበር የፈለገችው። ሁለት ባልዲ መኪና ማቆሚያው ላይ ደፋችና ቁጢጥ ብላ ውሃው የሚሄድበትን አየች። ረጅም ሰዓት። እኔ ስለ በረንዳ ቀለም ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት።

ውሃው ሁሉ ወደ ግንቡ ነው የሄደው።

አባባ ከወንበሩ ሳይነሳ ፈተና ጀመረ።

«ስንት ግንብ ሠርተሻል?»

«የቆመ ነው የወደቀ የሚጠይቁኝ፣ አባባ?»

«የወደቀ።»

«አንድ። የመጀመሪያዬ።»

አባባ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

ዋጋውስ ስላት፣ «መጀመሪያ ላስብበት እህቴ፤ ከዚያ በወረቀት ጽፌ አመጣልሻለሁ» አለች። ችግር የለም በአምስት ደቂቃ ነበር የጨረሰው፣ ከነፈገግታው።

ጥር 23

ግንቡን በቁራጭ በቁራጭ እያፈረሰች ነው። አንዱን ስታወርድ ሌላውን ትደግፋለች። አባባ ወንበሩን ግቢ አውጥቶ ይቆጣጠራል። እስካሁን አንድ ስህተት ብቻ ነው ያገኘባት፤ እሱም የራሱ ስህተት ሆነ።

ከሰዓት ጠራችኝ። ክሊኒክ ሳልሄድ የቀረሁበትን ቀን ረገምኩ።

ከግንቡ እግር ላይ የወጡ ቱቦዎች መሬት ላይ ደርድራለች። አሥራ አንድ። ከአፈሩ ውስጥ ውሃ እንዲያስወጡ አባባ ያን ጊዜ የቀበራቸው ናቸው። የሁሉም አፍ በጨርቅ ተጠቅጥቆ፣ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል።

«ግንቡ ጎበዝ ግንብ ነበር» አለች። «መሠረቱን አየሁት፣ እኔም እንዲህ አልቆፍርም። ግን ውሃው መውጫ ሲያጣ ዓመት በዓመት እየገፋው… ይሄን ማን ደፈነው?»

ጨርቁን አየሁት። ሰማያዊ፣ ቢጫ አበባ ያለበት።

መጋረጃዬ።

የዛሬ ስድስት ዓመት። ባሌ ሻንጣውን ይዞ የሄደ ሰሞን። ቤቱን ሁሉ እፈትጋለሁ፣ ግድግዳ እቀባለሁ፣ የነካውን ሁሉ አጥባለሁ ወይም እጥላለሁ። ከእነዚያ ቱቦዎች ቡናማ ውሃ እየተንጠባጠበ የታጠበ አንሶላዬን ያበላሽብኝ ነበር። አንድ እሑድ እሱ የመረጠውን መጋረጃ ቀድጄ… አንድ ባንድ። ላዩን በሲሚንቶ ለሰንኩት። ሥራዬ ነዋ፣ ቀዳዳ መድፈን። አሥራ አንድ ጥርስ ሞላሁ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ።

ከዚያ ረሳሁት። በእውነት ረሳሁት።

አፌን ስከፍት አባባ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሳላስብበት።»

ጥር 24

አልተናገርኩም። ዛሬም አልተናገርኩም።

እሱ የውሃ መውጫ ደፋኝ ተብሎ በሠራተኞቹ ሲሾፍበት ዋለ። አብሯቸው ሳቀ።

ጥር 26

ተናገርኩ።

ባለቦቲዋ ፌሮ እያሰረች ነበር፣ አባባ አጠገቧ። «መጋረጃው የኔ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «እኔ ነኝ የደፈንኩት።»

«አውቄያለሁ» አለች ቀና ሳትል። «አባባ ውሃ ሊደፍኑ አበባ ያለው ጨርቅ ይመርጣሉ?»

አባባ ተቆጣ። «ማን ጠየቀሽ?»

እሷ ፌሮ ላምጣ ብላ ሄደች። ፌሮው እግሯ ሥር ነበር።

«አይተኸኝ ነበር?»

«አይቼሻለሁ። በመስኮት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ከዘራውን በእግሮቹ መሀል አቆመ። «ያን ዓመት አንቺ ድስት ስታጥቢ ድስቱ ያሳዝነኝ ነበር። ግንቡ ይችላል ብዬ ነው።»

«እሺ ከዚያ በኋላስ? አንተው አትከፍተውም?»

«ወገቤ እምቢ አለኛ። ሰው እንዳልጠራ፣ ማን ደፈነው ሊባል ነው።»

ስድስት ዓመት። እየጎበጠ ያለ ግንብ ሥር ተኝቶ፣ አልጎበጠም እያለ። እኔ ደግሞ ግትርነት ነው እያልኩ ለሐኪሙ፣ ለበሽተኛው፣ ለታክሲ ሾፌሩ ሳማው።

ይቅርታ አልኩት። «እሺ፣ አሁን ከፌሮው ላይ ውረጂ» አለኝ።

የካቲት 2

አርማታው ተሞላ። ባለቦቲዋ አንዱን ሙሉ ድብልቅ ቀጥኗል ብላ መለሰች። ሠራተኞቹ አጉረመረሙ። አባባ እጁን ከቶ በጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ፣ እንደ ቀማሽ፣ «ሾርባ ነው» ሲል ፍርዱ ጸና። ኮንሰልታንት ይሉታል አሁን።

አሥራ አራት ቱቦ ገብቷል። ለምን አሥራ አራት? «ሦስቱ መጠባበቂያ ናቸው፣ ሲከፋሽ» አለችኝ።

ይገባኛል።

የካቲት 8

አባባ ግንቡን ጠዋትና ማታ ያጠጣል፣ አርማታው ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ። አበቦቼ ደርቀዋል። እኔንም ውሃ ጠጣሽ ወይ ያለኝ የለም።

የካቲት 17

መኪና ማቆሚያውም አለቀ። አሁን ወደ መንገዱ ቦይ ያዘነብላል። ላሠራው ያሰብኩት በረንዳ አልተሠራም፣ ባለቦቲዋ አያስፈልግሽም አለችኝ። ሥራ አያስፈልግሽም የሚል ኮንትራክተር… ለማን ብነግር ያምነኛል?

የአባባ መስኮት ተቀይሯል። ትራሱን አዲስ ልግዛልህ ስለው ያንኑ አራግፎ ወሰደ።

የካቲት 28

ባለቦቲዋ ብቅ አለች። ግንቡን ልታይ መስሎኝ ነበር። አባባን ነው የፈለገችው። አንድ አሠሪ አሮጌ ግንቡ ይፍረስ አይፍረስ በሚለው አልስማማ ብሏት፣ «አንዴ መጥተው ቢያዩልኝ?»

«ጡረተኛ ነኝ» አለ አባባ፣ ጫማውን እያሰረ።

መጋቢት 13

ማክሰኞና ሐሙስ ይሄዳል። ስሟን አይጠራም፣ «የሥራ ባልደረባዬ» ነው የሚላት። ራት ላይ ስለማላውቃቸው ሰዎች ግንብ እሰማለሁ። ስለ አንዷ ሴት መሠረት የሚያወራው በጣም ስለበዛ ድንጋይ መሆኑን ማስታወስ ነበረብኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከክሊኒክ ቀድሜ ተመለስኩ፣ ሐኪሙ ራሱ ጥርሱን አሞት። በሩን ብገፋው አይከፈትም። ቦርሳዬን ፈተሽኩ። ደረጃው ላይ ዘርግፌ ፈተሽኩ። ከዚያ ገባኝ… ቁልፍ የለኝም። ጠፍቶብኝ አይደለም፣ ኖሮኝ አያውቅም። በዚህ ቤት ስኖር በሩን ዘግቶብኝ የወጣ ሰው የለም፤ አባባ ሁሌ ውስጥ ነበር።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት ያህል። አልሰለቸኝም።

ፒክአፑ መጣ። አባባ ወረደ፣ ቦቲ አድርጎ፣ አዲስ ቦቲ። ሱሪው ጭቃ በጭቃ። ባለቦቲዋ እጇን አውለብልባ ሄደች።

«ምን ያስቀምጥሻል ውጭ?»

«ቁልፍ የለኝም።»

ኪሶቹን ሁሉ ዳበሰ። ከጠጠርና ከሚስማር መሀል ቁልፉን አወጣ። በሩን ከፈተና ቁልፉን እኔ እጅ ላይ አኖረው።

«ነገ አስቀርጪ» አለኝ። «ሁለት። እኔም ላመሽ እችላለሁ።»