ሳጥኗ፣ ጎማውና የአባባ ዓይን

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16፣ 1985። ከምሽቱ 1 ሰ.

ጎማው ዛሬም አልሆነልኝም። ላንቃዬ ላይ ለጥፌ ስነፋ መጀመሪያ አቅለሸለሸኝ፣ ቀጥሎ ምራቄ ተዝረከረከ። ድምፅ የሚባል የለም። ኬን፣ ኦበርን ዌርሃውስ አብሮኝ የሚሠራው አዳኝ፣ ሦስት መጥሪያ አውሶኛል፦ ይሄ ጎማ፣ በዘንግ የሚፋቅ ድንጋይ፣ ክዳኗ ጠመኔ ተቀብቶ የምትታሽ የእንጨት ሳጥን። ሁሉም የሴት ተርኪ፣ የዚህ አገር ትልቅ የዱር ወፍ፣ ድምፅ ነው የሚያወጡት። ወንዱ ሴት አገኘሁ ብሎ ይመጣል፣ ያኔ ይተኮሳል። ምስኪን።

አባባ ሶፋው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳኛሉ። የባለቤቴ የሰናይት አባት ናቸው፣ ከመጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አገር ቤት ቆቅና ጅግራ አዳኝ ነበሩ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ማውንትሌክ ቴራስ፣ የሚያድኑት የቴሌቪዥኑን ሪሞት ነው። ድንጋዩን ስፍቅ ይቺ የታመመች ናት አሉ። ሳጥኗን ሳሽ ይቺ ባሏን የፈታች ናት አሉ። ልጃችን ቤዛ ከክፍሏ ዳድ ስቶፕ ኢት ብላ ጮኸች። ሰናይት ደግሞ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል ትላለች። በሳቅ ሞትን።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 19። ከቀኑ 11 ሰ.

ለነገው አደን ሳጥኗ ተመረጠች። አባባ ናቸው የወሰኑት፣ እኔ ለድንጋዩ አደላ ነበር። ድንጋዩ ለስለስ ይላል። ኦኬ፣ ይሁን።

የኬንን የአደን ማስተማሪያ ካሴት በመኪና ሰማሁት። ሰውዬው አንድ ነገር ይደጋግማል፦ አንዴ ጥራ፣ ወንዱ ከመለሰልህ ዝም በል። ዝም ስትል ፈልጎህ ይመጣል። በመለሰ ቁጥር ከመለስክለት ግን ቆሞ አንተን ይጠብቃል። ለአባባ ልነግራቸው አሰብኩ። አማቴ ናቸው፣ እኔ ገና ሳልወለድ አዳኝ የነበሩ ሰው። ተውኩት።

ሌላም ነገር አለ፣ ላንተ ለደብተሬ ካልተናገርኩ ለማን። ጧት ሻይ ሲቀዱ ከስኒው ውጪ ፈሰሰ። ሳላያቸው የቀረሁ መስሏቸው በእጅጌያቸው ጠረጉት። ቆይተው ራሳቸው ነገሩኝ። ዓይናቸው ከዳር ከዳሩ እየጠበበ ነው፣ መሐሉ ብቻ ቀርቷል፣ ልክ በቧንቧ እንደሚያይ ሰው። ሰናይት ካወቀች ከቤት አታስወጣኝም፣ አደኑ እስኪያልቅ ዝም በልልኝ አሉ። እሺ አባባ አልኩ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 21። ከሰዓት በኋላ

ትናንት ሄድን። ክሊኪታት፣ ተራራውን ተሻግሮ፣ ጥዶቹና ሜዳው የሚገናኙበት ቦታ። ፒክአፑን ፓርክ አድርጌ በጨለማ ገባን። አባባ ቢላዋቸውን ስለው ይዘዋል፣ ነፍሱ ሳትወጣ ባርኬ አርደዋለሁ ብለው። ጠመንጃውን እሳቸው ያዙ፣ እኔ ሳጥኗን።

አንዴ ጠራሁ። ከማዶ ወንዱ መለሰ! ዝም አልኩ። እንደገና ጮኸ። ዝም። አባባ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ፣ ወፉ እየጠራህ ነው እኮ፣ ሰው ሲጠራ ዝም ይባላል? እኛ ቤት ሲጠሩን አቤት ሳንል ውለን አናውቅም፣ የእሳቸውም ቤት እንደዚያው ነው። እና መለስኩ። ጮኸ፣ መለስኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው መሐል ቆሞ አየነው፣ ጭራው ተዘርግቶ፣ ደረቱ ነሐስ። አባባ አዩት። ከተኩስ ርቀት ውጪ ነው። ጠበቀን፣ ጠበቀን፣ በመጨረሻ ሴቶቹ መጡለትና ይዘውት ሄዱ።

በመመለሻችን ጥሩ ነበር አሉ። ያሉት ግን እኔ እንዳይከፋኝ ነው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 25

ለኬን ነገርኩት። ግንባሩን መታ። ካሴቱን አልሰማህም? ሰምቻለሁ። ሶ? አማቴን ተሳስተዋል ማለት ከበደኝ ብለው ይገባዋል? ለእኔም አልገባኝም።

ንድድ ብሎኛል፣ በራሴ። የዚያን ዕለት ወፉ ፊት ለፊታቸው ነበር፣ ፀሐይ ላይ፣ ያቺ የቀረቻቸው የዓይናቸው መሐል ላይ። ዝም ብል ኖሮ ይመጣላቸው ነበር። እንደዚያ ያለ ሁለተኛ ይገኛል?

ዛሬ የመታጠቢያ ቤቱን በር ጠርዝ በትከሻቸው መቱት። ሰናይት ምነው አባዬ አለች። እንቅልፌ አልለቀቀኝም አሏት፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። እኔ ጋዜጣ አነሳሁ። አንተ ፈሪ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 4። ከምሽቱ 12 ሰ.

ክሊኪታት ደርሰን መጣን።

ጧት መኪና ውስጥ ጨክኜ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ መመለስ አልነበረብንም፣ እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት አልኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ታዲያ ምነው ያኔ አልነገርከኝም፣ ልጄ፣ አሉ። እንዲህ ብቻ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳጥኗን ትቼ ድንጋዩን ያዝኩ። አንዴ ፋቅ አደረግኩ፣ ቀስ ብዬ። መለሰ። ዝም። ጮኸ። ዝም አልን፣ ሁለታችንም። ከዚያ እሱም ዝም አለ። ሄደ ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ቅጠሉ ኮሽ ኮሽ አለ። በግራ በኩል፣ ከወደቀው ግንድ ሥር ብቅ አለ። ከዚህ ጠረጴዛ እስከ ፍሪጁ ቢሆን ነው። ቀይ ጭንቅላቱ፣ ጺሙ፣ ሁሉ ነገሩ።

አባባ ኮሽታውን ሰምተዋል። ግን አላዩትም። እዚያው አጠገባቸው ቆሞ አላዩትም! ወደ ቀኝ ፈለጉ፣ ወደ ፊት ፈለጉ፣ ከዚያ እኔ ወዳለሁበት ዞሩ፣ ጠመንጃውም አብሯቸው ዞረ። አፈሙዙ በጉልበቴ በኩል አልፎ ደረቴ ላይ መጣ። ጣታቸው ምላጩ ላይ ነው።

አባባ፣ እኔ ነኝ አልኩ።

ወፉ ተነስቶ በረረ። ሲበር ድምፁን ሰሙ፣ ያን ጊዜ ገባቸው። ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጡት፣ እጃቸውን ከላዩ አነሱ። ምን ያህል ቀርቦ ነበር አሉኝ። ሩቅ ነበር ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግንዱ ሥር ነበር፣ አባባ፣ አልኳቸው። ቤት ስንደርስ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልለው መኪና ውስጥ ትተውት ወረዱ።

ከኤፕሪል ጀምሮ አውቃለሁ። አንድ ቀን ሐኪም ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ቢለን ምን እላለሁ? አደን አለብን ብዬ? ለወፉ ዝም ማለት ሲገባኝ ለፈለፍኩ፣ ለልጃቸው መናገር ሲገባኝ አፌን ዘጋሁ። አክብሮት ነው ያልኩት። ፍርሃት ነበር።

አባባ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘግተዋል። ያውቃሉ፣ ለሰናይት ልነግራት እንደሆነ። ሲገቡ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ፣ አትንገራት አላሉም።

ሰናይት ዕቃ አጥባ ውሃውን ዘጋች። ዛሬስ ተርኪው የት አለ ብላ እየሳቀች ነው። ልነሳ፣ ልንገራት።