በጤና ጣቢያው በር ላይ የጻፍኩት

ጥር 2005 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ሆድሽስ እንዴት ይዞሻል? የእግርሽ እብጠትስ ቀነሰልሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው እንጂ እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል።

ጎረቤትሽ ዘሃራ እሑድ ከሰንበቴ ገበያ ስትመለስ ቤቴ ጎራ ብላ ነበር። እቤቴ ነው የምወልደው፣ ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም ውሸታም ነው ብለሻል አሉ። የመንደሩ ዕድር፣ ቅሬውም፣ ከእንግዲህ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ የትም አንወስድም ብሎ ተስማምቷል አለችኝ። እህት ዓለም፣ የመጀመሪያ ልጅሽ እኮ በቀዶ ጥገና ነው የወጣው! የደሴው ሐኪም ሁለተኛውን ቤት እንዳትወልጂ ሲልሽ አብረን ነበርን። ረሳሽው እንዴ?

አብዶንም ሰው ሁሉ አኩርፎታል፣ የጤና ጣቢያውን ሰሌዳ አሳስቶ አንብቦ ነው ቶይባን ምጥ ላይ ለዚያ መከራ ያበቃት እያሉ ነው አለችኝ። እሱም የቅሬውን መዝገብ መልሶ ቤት ተቀምጧል። ባልሽ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳያነብ የማይጥለው ሰውዬ፣ አሳስቶ ሊያነብ!

እውነቱን ልንገርሽ። አብዶ በገበያ ቀን በጤና ጣቢያችን በር ላይ አንብቦ ለቅሬው የነገረው ሁሉ ተጽፎ ነበር። ክትባት፣ የወባ ምርመራ፣ ማዋለድ፤ ከሥሩ ደግሞ ቀዶ ጥገናና ደም መስጠት። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አምና ጎብኚዎች ሊመጡ ሲሉ ኃላፊያችን ጽሕፈትሽ ያምራል ብሎ ከካርድ ክፍል ጠራኝና የዓመቱን ዕቅድ ሰሌዳው ላይ ገልብጪ አለኝ። ቀዶ ጥገና የለንም እኮ ስለው፣ ዕቅድ ላይ እስካለ ድረስ ዘንድሮ ይሟላል አለኝ። እኔም ጻፍኩት። እንዲያውም ጎልቶ እንዲታይ ቀይ ቀለም መረጥኩለት። አንቺ ገና ፊደል ሳትለዪ ትምህርትሽን አቋርጠሽ ከብት እየጠበቅሽ፣ እኔን ትምህርት ቤት ልከሽኝ በተማርኩት ጽሕፈት! ጎብኚዎቹ አይተው ሄዱ፣ ሐኪሙ አልመጣም፣ ሰሌዳው ግን እዚያው ቀረ።

ቶይባን ሲያመጧት ካርድ ያወጣሁላት እኔ ነበርኩ። የቅሬው ወንዶች እየተፈራረቁ አራት ሰዓት ተሸክመዋታል። አስፋልቱ ላይ ወደ ከሚሴ የሚሄድ ሚኒባስ ቆሞ እያለ፣ ቀዶ ጥገና ቅርባችን አለ ብለው ትተውት አለፉ። አዋላጇ ይህ ከአቅማችን በላይ ነው፣ ከሚሴ ሆስፒታል ውሰዷት ስትላቸው እናቷ ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ፣ ታዲያ በራችሁ ላይ የጻፋችሁት ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ቶይባ ተረፈች፣ ልጇን ቀበሩ። ጸሐፊዋ ማን ናት ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አፌን ዘግቼ ከረምኩ። በጣም አፍሬያለሁ፣ እህቴ።

ዘሃራ ከሄደች በኋላ ግን አልቻልኩም። ሰኞ ጠዋት ቀለም ይዤ ወጣሁና ሁለቱን መስመሮች አጠፋኋቸው። በቦታቸው፣ ቀዶ ጥገናም ደምም እዚህ የለም፣ ጊዜ ሳታጠፉ ከሚሴ ሂዱ ብዬ በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፍኩ። ኃላፊው የሌለንን በር ላይ የሚለጥፍ መሥሪያ ቤት የት አይተሻል ብሎ ተቆጣ፤ ለዓርብ በደብዳቤ ጠርቶኛል። ከሥራ ሊያስወጡኝ ይችላሉ።

ማክሰኞ ከሚሴ ሄድኩ። አሁንስ ወረቀትም ሰሌዳም አላመንኩም፤ ገብቼ ቀዶ ጥገና የሚሠራውን ሐኪም ራሱን አነጋገርኩት። ስለ አንቺ ስነግረው ምጡን ሳትጠብቅ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ትምጣ አለኝ። የአክስታችን ልጅ ከሆስፒታሉ አጠገብ ነው ያለችው፤ አልጋ አዘጋጅታ ትጠብቅሻለች። መቆጣት ካለብሽ እኔን ተቆጪኝ እንጂ ሐኪም ቤት አልሄድም አትበይ። እለምንሻለሁ።

እናቶቹ፣ ዱበርቲዎቹ፣ ተሰብስበው ዱዓ ያድርጉልሽ፤ ከዱዓው በኋላ ግን መኪና ተሳፈሪ። አላህ በሰላም ያገላግልሽ፣ ለማሳደግም ያብቃሽ።

ወንድሜ አብዶ፣ ይህንን የምታነብላት አንተ ነህ። ደብዳቤዎቼን ሁሉ ስታነብላት ኖረሃልና ጽሕፈቴን የትም ብታየው አይጠፋህም፤ ሰሌዳውም ላይ አውቀኸው ስሜን ሸሽገህልኛል። ለቅሬውም በሙሉ አንብብላቸው፤ እኔ ያለሁበትን እንዳትዘለው።

ሰሌዳውን የጻፈችው ታናሽ እህትሽ