መብራት የማይጠፋበት አሳንሰር

ይድረስ ለእትዬ ዓለምፀሐይ፤ ነቀምት።

እንደምን ከርመሻል? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ወገብሽስ እንዴት ነው? የጋሽ በዳሳ ጉልበት ተሻለው? እማማ ሾዴ ዛሬም ዶሮ ሳይቀድማቸው ይነሳሉ? እኔ ለክፉ አልሰጥም፤ ልጅሽ ርሆቦትም ደህና ናት፣ ወፍራለች ብዬ ብጽፍ ግን ትጣላኛለች። ደብዳቤውን ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትጨነቂ። እኔው ነኝ። ከማታ ትምህርት ከተመረቅኩ ወዲህ ከዊንጌት እስከ ቁስቋም ያላነበብኩት የሱቅ ማስታወቂያ የለም። ታክሲ ውስጥ የመንገዱን ሁሉ ጮክ ብዬ ሳነብ ወያላው፣ ጋሼ የእኔን እንጀራ ተዉልኝ እንጂ ብሎኛል። መምህራችንም እንዳንተ ያለ ተማሪ አላየሁም ብሏል፤ በምን በኩል እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እኔ ዘበኛ የሆንኩበት አዲሱ ሕንፃ አሳንሰር ተገጠመለት። ርሆቦት የሀበሻ ቀሚስ የምትሰፋበት ሱቅ አምስተኛው ፎቅ ላይ ስለሆነ ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። አሳንሰሩን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው፤ የበሩ መቆለፊያ ሳይቀር በእሱ እጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስለሺ፣ ጉልላት እስቲ ሞክረው ሲለኝ ቀኑን ሙሉ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ተኝቼም ሆዴ ይወጣ ይወርድ ነበር። እንከን የለውም፣ በእኔ ይሁን ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ማልኩ።

ሄርሜላ የምትባል ወጣት ባለሙያም ነበረች። ሥራዋ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም በሒሳብ መመርመር ነው። እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ ከቶ መሆን የሌለበትን ነገር ማምለጫ በሌለው ቋንቋ ትጽፋለች፤ ሰው የሚቆምበት ካቢን ፎቁ ጋ ሳይደርስ በር አይከፈት ብላ። ከዚያ አሳንሰሩ ሊገጥመው የሚችለውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር በኮምፒውተር ትፈትሻለች። ቀኑን ሙሉ መውጣት መውረዴን ስነግራት፣ "ጋሼ፣ እርስዎ የፈተሹት የሄዱበትን መንገድ ነው፤ ሰው የሚሞተው ባልሄዱበት በኩል ነው" አለችኝ። ቅር አለኝ። በኋላ ግን ገባኝ።

ምክንያቱም እንከኑን አገኘችው። ካቢኑ ሁለት ፎቆች መሀል ሳለ መብራት ሄዶ ከተመለሰ ፕሮግራሙ የት እንደነበረ ይረሳል። ያልደረሰበትን ፎቅ ደርሻለሁ ብሎ በሩን ይከፍታል። ከበሩ ጀርባ ጨለማ ጉድጓድ ነው። እትዬ፣ ይህን ስሰማ ዓይኔ ላይ ድቅን ያለችው ክምር ቀሚስ ታቅፋ፣ እግሯን ሳታይ የምትገባው ልጅሽ ነበረች።

ስለሺ ምን ቢል ጥሩ ነው? ይህ በሺህ ዓመት አንዴ የሚሆን ነው አለ። ጉለሌ ላይ፣ አንድ ሰው ሲያስነጥስ መብራት በሚሄድበት ሰፈር! ለምርቃቱ እንግዳ ተጠርቷል፣ በግ ተገዝቷል፣ ማስተካከያው ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከምርመራው መነሻ ግምቶች ላይ "መብራት አይጠፋም" ብለሽ ጨምሪ አላት። እምቢ ብትል አሰናበታትና ራሱ ጨመረው። ኮምፒውተሩም እንከን የለውም አለ። ምን ያድርግ፣ መብራት በማይጠፋበት አገር እኮ እውነቱን ነው። ወተት በውሃ የሚያቀጥን አይቻለሁ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ የሚፈጭ አይቻለሁ። ሒሳብን አስምሎ በሐሰት የሚያስመሰክር ግን አሁን ገና አየሁ። 

በምርቃቱ ቀን ስለሺ በእንግዳው ሁሉ ፊት ወረቀት ዘረጋልኝ። ሞክሬ አረጋግጫለሁ ብለህ ፈርም አለኝ። አስቢው እንግዲህ፤ ፊርማዬን ስንት ምሽት የተለማመድኩ ሰው፣ ጅራቷን እንደ በሬ ቀንድ የማዞራት! የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነበር። "ጌታዬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አልኩት። ሳቁብኝ። አውራ ጣትህን አምጣ ሲሉኝ በጨርቅ ጠቅልዬው ነበር፤ በር ጨፍልቆኛል አልኩ። የጎረቤቱን ሕንፃ ዘበኛ ጠርተው አስፈረሙ። በጉን በሉ። እኔ አልቀመስኩም፤ ይህን ስልሽ ምን ያህል እንደተጸየፍኩ ይግባሽ።

በማግሥቱ ሱቆቹ ሲከፈቱ አሳንሰሩ በር ላይ በጠመኔ፣ "መብራት ሄዶ ሲመጣ ይህ በር ጉድጓድ ላይ ይከፈታል። በደረጃ ውጡ" የሚል ተጽፎ ተገኘ። ስለሺ አስጠረገው። በማግሥቱ ደግሞ ተገኘ። ማን ነው የጻፈው እያለ ሲያፋጥጠን አንዱ ልብስ ሰፊ ወደ እኔ አየና፣ "ዘበኛውን ተወው፣ እሱ እንደሆነ ፊደል አልቆጠረም" አለው። ያ ሰው በየቀኑ ጋዜጣ አንብቤ የማደነቁረው ሰው ነው። ሌሎቹም፣ እውነት ነው፣ አልቆጠረም አሉ።

ተከራዩ በሙሉ በደረጃ መውጣት ጀመረ፤ ደንበኛም ቀረ። ባለሕንፃው ተቆጣ። ይኸው ዛሬ ሄርሜላ ተመልሳ ተጠርታ፣ አሳንሰሩ ተዘግቶ፣ ያቺን ውሸት ከመነሻው ፍቃ ምርመራውን እንደገና ጀምራለች። ርሆቦትም ቀሚሷን ታቅፋ በደረጃ ትወጣለች፤ ታማርራለች፣ ታማርር።

እንግዲህ በሕይወቴ የጻፍኩት ምርጥ ጽሑፍ ያ የበሩ ላይ ነው፤ በጉለሌ ለአንድ ሰው እንኳ ልኩራራበት አልችልም። ስለዚህ አንቺ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ጋሽ በዳሳን ጉልበትህን ይማርልህ በይልኝ። እማማ ሾዴን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትንሹ ኑሕ ትምህርቱን ይያዝ፤ አጎቱ ዘግይቶም ደርሶበታል።

ወንድምሽ ጉልላት (ፊርማዬን እዚህ አድርጌዋለሁ፤ ጅራቷን እያት)

ጉለሌ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.