የወንድምሽን ሠርግ ቪዲዮ አሳንሼ ለእናትሽ ወሰድኩላቸው

ወይንዬ፣

ከተለየሽን መንፈቅ አለፈ። እንደምን ነሽ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከየት አመጣዋለሁ? ስለዚህ የቤታችንን ወሬ ልንገርሽ። ደጃችን ላይ ኮብልስቶን ተነጠፈ። ስትረግሚው የኖርሽው ጭቃ የለም። የቦንጋ ዝናብ ግን እንዳለ ነው። ክፍልሽን ሌላ አስተማሪ ይዛዋለች፤ ደግ ናት ይላሉ። ጫማሽ ከበሩ ኋላ ነው። ስጠርግ አነሣዋለሁ፣ ከዚያ መልሼ እዚያው አኖረዋለሁ።

እኔ ቢሮ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ሰው ጠንክሯል ይለኛል፤ ውስጡን ለቄስ። መጠንከር እንኳ አይደለም፣ ምንም አይሰማኝም። የቀብርሽ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የእድሩ ድንኳን አንዱ ካስማ መላላቱን እያየሁ ነበር። እስከ ባለፈው እሑድ ድረስ አላለቀስኩልሽም። አትቀየሚኝ።

እናትሽ ግን አልተዉኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከማንኪራ ለገበያ ሲመጡ ቢሮ በር ላይ ይጠብቁኛል። የወንድምሽን ሠርግ ስቀርጽ አይተውኛልና ያንን ቪዲዮ በቻይና ስልካቸው ላይ ጫንልኝ አሉኝ። እሳቸው ጋ ያለችው የመታወቂያ ፎቶሽ ብቻ ናት፤ እሷ ላይ ደግሞ የተቆጣሽ ትመስያለሽ። አረማመድሽ እየጠፋባቸው እንደሆነ በዚያች በምታውቂያት ጥቂት አማርኛቸው ነገሩኝ። እሺ አልኳቸው።

ቪዲዮው ትልቅ ነው፤ የስልኩ ሚሞሪ ካርድ አልችለው አለ። ባልደረባዬ ጋሽ ታደሰ ከጅማ በፍላሽ ያመጡት፣ የማይከፈልበት፣ ቪዲዮ የሚያሳንስ ሶፍትዌር ነበራቸውና ኮምፒዩተሬ ላይ ጫኑልኝ። ለእኔ የተመቸ ሥራ ሆነ፣ ምክንያቱም ቪዲዮውን ማየት አያስፈልግም። ከሞትሽ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም ነበር። ፋይሉን ትመርጫለሽ፣ ስፋቱን ለስልክ ስክሪን ልክ ታደርጊያለሽ፣ ጥራቱን ቀነስ አድርገሽ ታስጀምሪያለሽ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እስኪሞላ መቀመጥ ነው። ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ። አልተናደድኩም። ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ከልክ በላይ አነሰ። ጋሽ ታደሰ ከፍተው አዩትና የሰው ፊት ተቆራርጧል አሉኝ፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር። ሶፍትዌሩ ያልተንቀሳቀሰውን ነገር አንዴ ከያዘ ደጋግሞ አይጽፈውም፣ ቦታ የሚበላው የሚንቀሳቀሰው ነው፣ ቦታ ሲጠበውም የሚደበዝዘው እሱ ነው ብለው አስረዱኝ። ቤታችን ትዝ አለኝ፤ ዘንድሮ የሚንቀሳቀስ የለበትም። ጥራቱን ከፍ አድርጌ፣ ድምፁን ሳልነካ ደገምኩት። ይህኛው ካርዷ ላይ ገባ።

እሑድ ማንኪራ ድረስ ወሰድኩላቸው። ሰጥቼ ወዲያው ልመለስ ነበር ሐሳቤ። እናትሽ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እናም አየሁሽ።

ጎጆው ጥርት ብሏል፣ እንሰቱም ቅጠሉ ይቆጠራል። አንቺ ግን የኮጮ ትሪ ተሸክመሽ ከጓዳ ዳስ፣ ከዳስ ጓዳ ስትሮጪ በሄድሽበት ሁሉ ትደበዝዣለሽ። መች አንድ ቦታ ቆመሽ ታውቂያለሽ! ይህን ለእናት ይዤ መጣሁ ብዬ አፈርኩ። እሳቸው ግን በጣታቸው ስክሪኑ ላይ ይከተሉሽ ነበር። ፊትሽ በማይለይበት ቦታ እንኳ አንድም ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር አላምታቱሽም።

መጨረሻ ላይ ቆምሽ። ወደ ካሜራው ዞርሽና ፊትሽ ጠራ፣ ግንባርሽ ላይ ያለው ላብ ሳይቀር ታየ። ካሜራውን አስቀምጬ እንድበላ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመስኩ ነገርሽኝ። ድምፅሽ ምንም አልሆነም። ያን ቀን መጣሁ ብዬሽ መቅረጼን ቀጠልኩ።

እናትሽ ስልኩን አስቀመጡና ገብተው ኮጮ በጎመን አቀረቡልኝ። በላሁ። ጎመኑ ጨው በዝቶበታል። ጨው መብዛት ማነሱን ከለየሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ጉንጬ ረጥቦ እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው። እናትሽ ጎመን ጨመሩልኝ።

ናፍቀሽኛል፣ ወይንዬ።

ዋናው ቪዲዮ እኔ ጋ አለ። ኮምፒዩተሩ ሞላሁ እያለ ያስቸግረኛል፤ የሌላ የሌላውን አጠፋለታለሁ፣ ያንቺን እስካለሁ ድረስ አልነካም። እሑድ እሑድም ማንኪራ እሄዳለሁ ብዬ ለእናትሽ ቃል ገብቻለሁ። እሳቸው ስልኩን ይከፍታሉ፣ አንቺ እስክትቆሚ እንጠብቃለን፣ ከዚያ እንበላለን።

ባለቤትሽ