ከባንኮክ ለቀብር አይደረስም

ለልጅ ልጄ ለታሚር፣

የአባቶቻችን አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምህ፤ ከክፉ ሰውም ከክፉ ሾርባም ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። እናትህ ይርገዱ አሁንም ወደብ ጽዳት ትሠራለች። የሰፈራችን የኔቬ ዮሴፍ ደረጃም ጉልበቴን መሳደቡን አልተወም።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልግባ። ውትድርናህን ጨርሰህ ከጻቫ ስትወጣ «ባንኮክን አይቼ ልመለስ» ብለህ ሄደህ ይኸው ሁለት ዓመትህ። ሰሞኑን ደግሞ ለእናትህ በስልክ፣ «አባባ አንድ ነገር ከሆኑ ወዲያው እመጣለሁ» አልካት አሉ። ምን ልሁንልህ? ካልሞትኩ አትመጣም ማለት ነው?

ደግሞስ መቼ ልትደርስ! ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የወይዘሮ ድንቄ ባል ጠዋት አረፉ፣ ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው። እዚህ እስራኤል አገር ሬሳ አያሳድሩም። ባሕር ማዶ ያለው ልጃቸው ሻንጣውን እየጎተተ ሲደርስ እኛ ንፍሮ እየበላን ነበር።

ያን ዕለት እህትህን ኢንባርን ጠየቅኋት። ስልኳን ነካክታ፣ «ከባንኮክ በቀጥታ ዐሥራ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ አባባ፤ ቅርብ ነው» አለችኝ። ቅርብ! ትኬት ፍለጋው፣ እስከ ሃይፋ ያለው ባቡር ሲጨመርበት እኔ አፈር ውስጥ አንድ እንቅልፍ ጨርሻለሁ።

ስለዚህ ለቀብሬ እንዳትመጣ፣ ከልክዬሃለሁ! ያሰብከውን ትኬት ለፋሲካ ቁረጠው። ያዘጋጀህልኝን ሙሾ ፊቴ ቆመህ ታሰማኛለህ፤ ካላማረኝ አስደግምሃለሁ።

እባክህ ልጄ፣ ና። የእስራኤል አምላክ ያንተን መንገድ ያሳጥርልህ፣ የኔን ያርዝምልኝ።

አያትህ ውድነህ