ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው ቀዳዳ

እንድሪያስ፣
መኪናህን እንዳትነዳት።

የገጠምኩልህ የትልቁ ስፒከር፣ የሰብዉፈሩ ቤዝ ከኋላ ኮፈን ወደ ውስጥ አልገባ ስላለኝ፣ ላሜራው አይነካ ያልከኝን ትቼ ከኋላ ወንበር ጀርባ በስቼዋለሁ። ድምፁ በደንብ ገባ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ግን ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ጭሱም በዚያው ቀዳዳ ይገባል።

ትናንት እህትህን ኤፍራታን ከሎጊያ ሳመጣት መስታወቱን ዘግተን ኤሲ ከፍተን ነበር። እሷ ከኋላ ተኝታ ነበር። ሰመራ ስንደርስ ሦስት ጊዜ ብጠራትም አልነቃችም። ተሸክሜ ነው ያወጣኋት፤ የነቃችው ንጹሕ አየር ስታገኝ ነው።

ማታ «ሙቀቱ ነው» ያልኩህ ውሸት ነው። ፊትህን እያየሁ መናገር አልቻልኩም።

ዛሬም ራሴን ያመኛል ትላለች። ሐኪም ቤት ውሰዳት፣ በባጃጅ።

በያጅ ፍለጋ ወጥቻለሁ። ቁልፉን ይዤዋለሁ። አንተ ጋ ሌላ ቁልፍ እንዳለ ስለማውቅ ነው ይህን የጻፍኩልህ።

ታጁ